ይቺ «ራን» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ትርጉም አላት?

የጣና አስጎብኚ፦

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዘጌና ክብራን በጀልባ አስጎበኛለሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አንድ በአንድ አስረዳለሁ። የሚያስቸግረኝ ረጅሙና ከባዱ ቃል አይደለም፤ ትንሿ ናት።

ሰሞኑን አንድ እንግዳ በዋትስአፕ መልእክት ላከልኝ። የግል ነገር ስላለበት እንዳለ አልለጥፈውም። «ራን» ያለበትን ብቻ በእኛ ፊደል ልገልብጠው፦

«ዱ ዘ ቦትስ ራን ኦን ሰንደይ?»
«ማይ ዋይፍ ኢዝ ራኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር።»
«ዊ አር ራኒንግ ሎው ኦን ካሽ።»
«ሃው ሎንግ ዳዝ ዘ ቱር ራን?»
«ኩድ ዩ ራን አስ ቱ ዘ ኤርፖርት?»
«ራን ዘ ፕራይስ ባይ ሚ አጌን።»

እስኪ ፍረዱ። እዚህ ውስጥ የሮጠ ሰው አለ? ገንዘቡ ሎው፣ ሚስቱ ቴምፕሬቸር፣ ዋጋው ራሱ ይሮጣል። ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹን እየገመትኩ ነው። ከእንግዳ ጋር ደግሞ በግምት አይሠራም። ጥያቄዬ፦ ይቺን ቃል መያዣ ዘዴ አለ ወይስ እንደ ዳዊት መድገም ብቻ ነው?


ፖሊ ነኝ፦

እኛ ግቢ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ኮድ ትጽፋለህ፣ ራን ታደርጋለህ፣ ኤረር ይልሃል፣ ታለቅሳለህ። ሃሃ።

የምሬን ግን፣ «ራን አድርገው»፣ «ራን አያደርግም» ስንል እንግሊዝኛ ያወራን አይመስለንም። አማርኛ ሆኗል። «አስኪደው» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።


ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ መጀመሪያ የእንግዳህን ነገር እንጨርስ፤ ሰው መልስ እየጠበቀ ነው።

ጀልባዎቹ እሑድ ይሠራሉ ወይ ነው ያለህ፤ ይመላለሳሉ ወይ። ሚስቱ ትኩሳት አላት። ይቺን ዝም ብለህ አትለፋት፣ ጀልባ ላይ ከመውጣታቸው በፊት እንዴት አደረች ብለህ ጠይቅ። ጥሬ ገንዘብ እያለቀባቸው ነው። «ራን ሎው» እየተመናመነ ያለ ነገር ነው፣ «ራን አውት» ጭርሱን ያለቀ። ስለዚህ ዋጋውን በባንክ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ቶሎ ንገራቸው። ጉብኝቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል ይላል። ኤርፖርት በመኪና አድርሰን ይላል። «ራን» ያለው ቅርብ ነው፣ አያስቸግርህም በሚል መንፈስ ነው፤ ጎንደር አድርሰን ቢል ኖሮ ይሄን ቃል አይጠቀምም ነበር። የመጨረሻው ዋጋውን እስኪ እንደገና ንገረኝ ነው። ይሄ ሁልጊዜ ባይሆንም አንዳንዴ «ተወዶብኛል» የሚል ሽታ አለው። ተዘጋጅ።

አሁን ወደ ቃሉ። በትርጉም ብዛት ለረጅም ዘመን አንደኛ ሲባል የኖረው «ሴት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም 430 ትርጉም ተቆጥሮለታል። በ2011 ግን የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች «ራን»ን እንደ አዲስ ሠርተው ጨረሱ። በግስነቱ ብቻ 645 ሆኖ ተገኘ። ፒተር ጊሊቨር የሚባለው አዘጋጅ ይቺን አንዲት ቃል ሲሠራ ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶበታል። ሙሉ እርግዝና ነው እኮ።

645ቱን ማንም አይሸመድድም፣ እንግሊዞቹም ጭምር። እነሱ የሚያውቁት ቃሉ ከማን ጋር ሲውል ምን እንደሚሆን ነው። «ራን» ባጃጅ ነው፤ ብቻውን አቅጣጫ የለውም፣ መንገዱን የሚወስነው የተሳፈረው ነው። ሰው ተሳፍሮበት ከሆነ በእግር ሮጠ። ውሃ ከሆነ ፈሰሰ። ማሽን ከሆነ ሠራ። መንገድ ከሆነ ከዚህ እስከዚያ ተዘረጋ። ቴአትር ወይም ጉብኝት ከሆነ ይሄን ያህል ቆየ። ካፌ ወይም ድርጅት ከኋላው ሲመጣ ደግሞ አስተዳደረ። ስለዚህ «ራን»ን ስታይ እሱ ላይ አትፍጠጥ። ግራና ቀኙን እይ።

ከየት መጣ ላላችሁ፣ ድሮ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሪናን» ይባል ነበር። መሮጥም፣ መፍሰስም ነው። የጀርመንኛው ዘመዱ «ሪነን» ዛሬም መፍሰስ ነው። ውሃው ከእግሩ ጋር አብሮ የኖረ ትርጉም ነው እንጂ በኋላ የተለጠፈ አይደለም። ይሄን የያዘ ሰው ብዙው ነገር ይቀልለታል፤ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነገር ሁሉ «ራን» ሊባል ይችላል። ከዚያ የማሽን ዘመን መጣ። ባቡሩ፣ ሞተሩ፣ ፋብሪካው፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ይቺኑ ቃል እየጎተቱ ወሰዱ። ቁጥሩ እንዲህ ያበጠው በአብዛኛው በነሱ ነው።


ነገረኛው፦

«ሴት 430 ትርጉም አላት» የሚለውን ለእናቴ አነበብኩላት። «የቆጠሩት ወንዶች ናቸው?» አለችኝ።


ፖሊ ነኝ፦

መምህር፣ እንዳከበርኩዎት። ሳይቋረጥ የሚሄድ ነገር ሁሉ ካሉ፣ ትኩሳቱስ? «ራኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር» ላይ ምኑ ነው የሚሄደው? ሴትየዋ ተኝታለች እኮ። አንድ ሥር ፈልገን ሁሉንም ከሱ ላይ ማንጠልጠል ደስ ይላል እንጂ ፈተና ላይ አያድንም። እኔ የምለው፣ የተለመዱትን ከ30 እስከ 40 አባባል እንዳሉ መያዝ ይሻላል።


ሲስተር፦

ትኩሳቱን ለኔ ተዉት፣ ሙያዬ ነው።

ፖሊ ልክ ነህ፣ ትኩሳቷ ላይ የሚሄድ ነገር ፈልገህ አታገኝም። ግን በኛስ? ትኩሳት «ያዘኝ» እንላለን። በየት በኩል ነው የያዘኝ? በእጁ? ሕመም ላይ የሁሉም ሰው ቋንቋ እንደዚሁ ነው።

ለአስጎብኚው የሚጠቅመውን ልንገርህ። እንግዳ «ራኒ ኖዝ» ካለ አፍንጫው እየፈሰሰ ነው፤ ይሄ መምህር ያሉት ውሃው ነው። «አይ ፊል ራን ዳውን» ካለ ማንም አልገጨውም፤ ዝሏል፣ አቅም አንሶታል። ዕረፍት ስጠው። ፈገግ የሚያሰኘኝ ግን ሌላኛው ነው። «አይ ሃቭ ዘ ራንስ» ሲል ተቅማጥ ይዞታል። እስኪ አስቡት፤ በእንግሊዝኛ የሆድ ነገር ሰውን ያስሮጠዋል፣ በኛ ደግሞ «ሆዴን አስቀመጠኝ» ነው። ያው አንድ በሽታ ነው፣ እነሱ መንገዱን አይተው እኛ መድረሻውን።

እንዲህ ያለህ እንግዳ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ። ዘጌ እስክትደርሱ መውረጃ የለም። የተፈላ ወይም የታሸገ ውሃና ኦ አር ኤስ አጠጣው። ደም ካየ ወይም ትኩሳት ከጨመረበት ወደ ሕክምና ውሰደው።


ጡረተኛው መምህር፦

ሲስተር፣ ተባረኪ፤ ከኔ የተሻለ አስረዳሽው።

ፖሊ፣ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ሥሩ ሁሉን አይፈታም። ግን አርባ አባባል ይዘህ አርባ አንደኛው ሲመጣስ? ያኔ ነው ሥሩ የሚያስፈልግህ። ትኩሳቱን ደግሞ እንዳለ ያዘው፣ አትመርምረው።


ካፒቴን፦

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ጣቴ ወፍራም ነው። ግን የሞተር ነገር ሲነሳ ዝም አልልም።

ፈረንጅ «ኪፕ ኢት ራኒንግ» ካለኝ አታጥፋው ማለቱ ነው። በሚኒሞ እተወዋለሁ። «ሩጥ» ያለኝ መስሎት ነዳጅ የሚሰጥ ጀማሪ አለ። ሰው ገና እግሩን ከጀልባዋ ሳያነሳ! እንዲህ ነው ሰው ውሃ የሚገባው።

አዲስ ሞተር ተገዝቶ መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ተብሎ ሲሠራበት «ራኒንግ ኢን» ይሉታል። እኛ ሮዳጅ የምንለው። ማንዋሉ ላይ አለ።

«ራን አግራውንድ» ደግሞ ጀልባዋ መሬት ነክታ ስትቆም ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን የማያውቅ ሰው በቀላሉ ይቀመጣል። አንዴ ከተቀመጠ ሁሉም ወርዶ መግፋት ነው። ያኔ ፈረንጁ የሚለውን እንግሊዝኛ እዚህ አልጽፈውም።


ውሃ ውሃ፦

ሃይድሮሎጂ ነው የተማርኩት። በኛ ሙያ ይቺ ቃል ከሌለች አንድ ገጽ አይጻፍም።

ዝናብ ይዘንባል። መሬቱ የሚጠጣውን ይጠጣል። የተረፈው በገጹ ላይ ተንደርድሮ ወደ ወንዙ ይሄዳል። እሱ «ራን ኦፍ» ይባላል። ጎርፍ ብሎ የሚተረጉመው አለ፣ ግን ጎርፍ ባይሆንም ራን ኦፍ ነው፤ ደጅህ ላይ በቦዩ ኮለል እያለ የሚወርደውም ያው ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ቀልተው ጣና የሚገቡት የፎገራን አፈር ይዘው በዚህ መንገድ ነው። ምርጫ ላይ በመጀመሪያው ዙር ማንም ሳያሸንፍ ከፊት የቀደሙት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች የሚለዩበት ዙርም «ራን ኦፍ» ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ከዚያ ደግሞ «ራን ኦፍ ሪቨር» የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። በፊደላችን ስጽፈው ከላይኛው ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ፤ በእንግሊዝኛው ግን ሌላ ነው። ትልቅ ግድብ ሠርተህ ውሃ አታጠራቅምም፣ ወንዙ በራሱ አካሄድ ሲመጣ ከፊሉን ጠልፈህ ተርባይን ላይ ትለቀዋለህ። ጢስ አባይ አንድ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ ሁለተኛውም በ2001 የተጨመረው በዚሁ መንገድ ነው። ፏፏቴው አንዳንድ ወር የሚቀጥነው ለምን እንደሆነ እንግዶች ሲጠይቁህ አንዱ መልስ ይሄ ነው፤ ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄዳል። እዚሁ ከተማችን አፍንጫ ስር ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል። ስለዚህ «እውነት ራን ኦፍ ሪቨር ነው?» ብሎ የሚከራከር መሐንዲስ አይጠፋም። እኔም አንዱ ነኝ፤ ሐይቁን ራሱን ማጠራቀሚያ አድርገነዋል።

እና አንድ ልጨምር። ተርባይኑ ውስጥ ውሃው የሚመታው፣ የሚሽከረከረው ብረት ስሙ ማን ይመስላችኋል? «ራነር»። አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሲዞር የሚኖር ብረት ሯጭ ተባለ።


አሳና ደንገል፦

ውሃ ውሃ ቀደምከኝ፣ ግን አሳውን ረስተኸዋል።

ባዮሎጂ ላይ «ራን» አሳዎች እንቁላል ለመጣል ከሐይቅ ወይም ከባሕር ተነስተው በወንዝ ሽቅብ የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ይሄ ለኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ጣና ውስጥ ላቤኦባርበስ የሚባሉ ከደርዘን በላይ የአሳ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ንጹህ የሚፈስ ውሃ ይፈልጋሉ። ችግሩ ሰዓታቸውና መንገዳቸው ይታወቃል። ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ መረብ ከተዘረጋ እንቁላል የያዘችው እናት ሳትጥል ትያዛለች። ቁጥራቸው ክፉኛ የወረደው በአብዛኛው በዚህ ነው። ምግብ ቤት ስትገቡ በዚያ ሰሞን አሳው ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ።

«ራነር»ም እኛ ጋ አለ። እንጆሪ አይታችሁ ከሆነ፣ ከእናቲቱ ሥር ቀጭን ግንድ ወጥቶ መሬት ለመሬት ይሳብና ጫፉ ላይ ሌላ እንጆሪ ይበቅላል። ያ ግንድ ራነር ነው። አሁን እንጆሪውን ተዉትና እምቦጭን አስቡ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ መታየት ጀመረ። ዘር አለው፣ ግን እንዲህ በአንድ ክረምት ውሃውን ምንጣፍ የሚያደርገው በዋናነት በራነር ነው። አንዷን ከውሃው ስባችሁ አውጡና ከስሯ አጠገብ እዩ፤ ጣት የምታህል ለስላሳ አረንጓዴ ገመድ ታገኛላችሁ፣ ጫፏ ላይ ልጅ አለች፣ ከልጅቷም ሌላ ገመድ። ሰው በእጁ ሲነቅል ገመዱ ከተበጠሰ ልጅየዋ ተንሳፋ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ስለዚህ ሲነቀል ተጠንቅቆ፣ ከነልጆቹ፣ ከነገመዱ ነው።


ካፒቴን፦

እምቦጭ ያላችሁት ፕሮፔለሬን የሚጠመጥመው ገመድ ስሙ እንዳለው ዛሬ ሰማሁ። እኔ ሌላ ስም ነበር ያወጣሁለት።


ጎጃሜው፦

ወይ ጉድ! አንድ ቃል 645 ትርጉም አለው ማለት እኮ የቃል ድህነት ነው። ልብስ አንድ ብቻ ያለው ሰው ሠርግም ለቅሶም እሱኑ ይለብሳል። አማርኛ ለሁሉም የየራሱ አለው፦ ፈሰሰ፣ ሠራ፣ ተዘረጋ፣ አስተዳደረ፣ ሸኘ። እኛ ምን በወጣን!


ፍሮንት ዴስክ፦

ጎጃሜው፣ አይ እንዲያው። «በላ»ን ረስተሃል።

ሆቴል ውስጥ አማርኛ የምትማር አንዲት እንግዳ ነበረችን። ደብተር ይዛ ነበር የምትዞረው። መጀመሪያ ምሳ በላን ብላ ጻፈች፤ ጥሩ። ከዚያ ሾፌሩ «ይቺ መኪና ነዳጅ ትበላለች» አለ። ዘበኛው «ቆርቆሮውን ዝገት በልቶታል» አለ። የጽዳቷ ልጅ «ራሴን በላኝ» ብላ እያከከች መጣች። ገንዘብ ያዡ «እገሌ ብሬን በላኝ» ይላል። ካርታ የሚጫወቱት ልጆች «ተበላህ!» ይባባላሉ። ቃሉን የበላ ሰው አለ፣ በነገር ልብን የሚበላ አለ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል ሲባል እንኳ «አፕሊኬሽኑ ነው የሚበላው» አልኳት እኔው ራሴ። ደብተሯን ዘጋችው። እሷም እዚያ አገሯ ሄዳ ያንተኑ ጥያቄ ጠይቃ ይሆናል።

ወደ ራን ልመለስ። ሆቴል ለምትሠሩ የሚያስፈልጋችሁን ልንገራችሁ። እኔ ከፖሊ ጋር ነኝ፤ ከኋላዋ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል ናት ሁሉን የምትቀይረው።

«ራን ኦቨር» በጣም ተጠንቀቁ። አንድ እንግዳ ከስብሰባ ዘግይቶ መጣና «ዘ ሚቲንግ ራን ኦቨር» አለ። ሻንጣ የሚያነሳው ልጅ «ማንን ነው የገጨው?» ብሎ ደነገጠ። ስብሰባው ሰዓቱን አለፈ ማለቱ ነበር። መኪና ከሆነ ግን እውነትም ገጭቷል። «ራን ኢንቱ»ም ሁለት ነው፦ ጓደኛዬን ከሆነ ሳላስበው መንገድ ላይ አገኘሁት፣ ግንብ ከሆነ ተጋጨሁ። «ራን ሚ ኤ ባዝ» ካለ የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ ሙላልኝ ነው። ባር ላይ «ካን አይ ራን ኤ ታብ?» ካለ ሒሳቡን ያዝልኝ፣ ጠቅልዬ እከፍላለሁ ነው። እዚህ ላይ የክፍል ቁጥሩን ሳትይዙ እሺ እንዳትሉ! «ራን ማይ ካርድ» ካርዴን በማሽኑ አሳልፊው ነው። ኔትወርክ ካለ።


ጎጃሜው፦

በላሽኝ።


ፖሊ ነኝ፦

ሃሃሃ፣ እሱም ተጨመረ።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኛ «ራን»ን ወደ አማርኛ ስናመጣ መሮጡን እዚያው ጥለነው ነው የመጣነው። «ኮዱን ራን አደረገ»፣ «እህቷ ካፌ ራን ታደርጋለች»፣ «ፔጁን ራን የሚያደርገው እሱ ነው»። በቃ። «ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ራን አደረግኩ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለሩጫውማ ቃል አለን።


ጡረተኛው መምህር፦

ጥሩ አየህ። የሌለንን ነው የተበደርነው። «ታስተዳድራለች» ቢባል ቢሮና ማህተም ያለ ይመስላል፤ ካፌ ራን የምታደርገው ልጅ ግን ራሷ ቡና ታፈላለች፣ ራሷ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ራሷ ወንበር ታነሳለች። ለዚያ ቃሉ ተመችቷታል። አልወደውም፣ ግን ይገባኛል።

የምርጫን ነገር ካነሳችሁ ደግሞ፣ አሜሪካኖች ለሥልጣን «ራን» ያደርጋሉ። እንግሊዞች «ስታንድ» ነው የሚሉት፣ ይቆማሉ። እኛ ከአሜሪካኖቹ ጋር ነን፤ «ተወዳደረ» ስንል ያው የሩጫ ቃል ነው። የሩጫ አገር ሰው ነንና አይገርምም።

ተረት ከተፈለገም የኛው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ። ለቋንቋ ትምህርትም ይሠራል፣ ፈተና ሲደርስ የምትሸመድዱ ስሙ።


ሂሳብ ሹም፦

በአጭሩ፦ «ባንክ ራን» ሕዝቡ ባንኩ ሊከስር ነው ብሎ ገንዘቡን ሊያወጣ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ነው። ጤነኛ ባንክም በዚያ ሊወድቅ ይችላል፤ ያስቀመጣችሁትን አበድሮታልና በአንድ ቀን ለሁሉም የሚሰጠው የለውም። «ኢን ዘ ሎንግ ራን» ውሎ አድሮ ነው። ሌላ የለኝም።


ጨርቃ ጨርቅ ነበርኩ፦

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር ሥራዬ፤ አሁን ቤት ነኝ። እኛም የራሳችን አለን።

አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ በአንድ ቀለም፣ ማሽኑ ሳይቀየር የሚመረተው በሙሉ አንድ «ራን» ነው። ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ «ያንኑ ቀለም ስጡኝ» ቢል ከሌላ ራን ከሆነ ቁርጥ አንድ ላይሆን ይችላል። አጠገብ ላጠገብ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ስታዩት ይለያል። ስለዚህ መጋረጃ ስትገዙ ሁሉንም በአንዴ ግዙ፣ ይቺን ምክር ውሰዱ።

ጨርቁ ሲታጠብ ቀለሙ ከለቀቀ «ዘ ከለር ራንስ» ነው። አሁንም ውሃው ነው፣ መምህር እንዳሉት። እኛ «ይለቃል» እንላለን። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ነጭ ጨርቅ ታረጥቡና የባለቀለሙን ጥግ በሱ ጠበቅ አድርጋችሁ ታሹታላችሁ። ነጩ ከቀላ ለብቻው እጠቡ። የሴቶች ስቶኪንግ ላይ ክሩ ተተርትሮ ሽቅብ ሲሄድም «ራን» ነው።

«ራን ኦፍ ዘ ሚል» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ሚል ፋብሪካ ነው። ሳይመረጥ፣ ሳይለይ፣ ከማሽኑ እንደወጣ ያለ ዕቃ ማለት ነበር። ዛሬ ለሰውም ለፊልምም «ተራ ነገር» ለማለት ይሉታል። ከማሽን የሚወጣ ጨርቅ ምን ያህል ልፋት እንዳለው የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም ነበር።


የጣና አስጎብኚ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ እርስዎን በተለይ። የጨርቃ ጨርቁ ጋሼ፣ ሆቴል ካየሁት ነገር አንድ ልጠይቅዎት፦ አልጋው ላይ እግርጌ በኩል የሚነጠፈው ጠባብ፣ ባለቀለም ጨርቅስ? እሱንም «ራነር» ሲሉት ሰምቻለሁ። ምን ያደርጋል?


ፍሮንት ዴስክ፦

ጋሼ ፈቃድዎ ይሁንና እኔ ልመልስ፣ የኛ ቤት ነው። «ቤድ ራነር» ነው። ከአልጋው ጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚዘረጋ ነው፤ ጠረጴዛ ላይም፣ ኮሪደር ላይም ጠባብና ረጅም ሆኖ የተነጠፈ ሁሉ ራነር ነው። የተሠራው እንግዳ ከነጫማው ጋደም ሲል ነጩ አንሶላ እንዳይቆሽሽ ነው ይባላል። እኛ ጋ ግን ሻንጣ ይከፍቱበታል፣ ከጣና የመጣ እርጥብ ፎጣ ይጥሉበታል። ከአንሶላው በላይ የሚያለፋን እሱ ነው።


ካፒቴን፦

ሲታጠብ ደግሞ ራነሩ ራን ያደርጋል በሉኝ።


ጨርቃ ጨርቅ ነበርኩ፦

የኛ ፋብሪካ ከሆነ አያደርግም።